የአያቴ አውቶሞቢልና የሐረጎ መንገድ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከራሳችሁ ሕይወት ያገኛችሁትን ጻፉ» ብለው ባስታወቁን ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ እናት ፍቅርና ስለ ጦሳ ተራራ ውበት ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለውን ጊዜዬን አብዛኛውን ያሳለፍሁት ከአንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስለ ሆነ፥ ሌላ የምጽፈው ነገር ቢፈለግ አይገኝብኝም። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ ገጹ ዘይት ዘይት ቢሸታችሁ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

አውቶሞቢሏ ካርማን ጊያ ትባላለች። በ1960 ዓ.ም. የተሠራች፥ ሁለት በር ያላት፥ ጣራዋ ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና ናት። ስሟን ያገኘችው ከሁለት ቤቶች ነው፤ መልኳን ያወጣላት በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ የነበረው የጊያ ቤት ሲሆን፥ አካሏን የሠራው ደግሞ በጀርመን አገር በኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ነው። ከሥሯ ያለው ሁሉ ግን፥ ይኸውም ሞተሩ፥ ካምቢዮውና መሪው፥ ሁላችን ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው የቮልስዋገን ነው። ይህች ዓይነት መኪና በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ተሠርታለች።

ቆማ ለሚያያት ሰው ልትዘል ያደባች ነብር ትመስላለች። ስትሄድ ያያት ሰው ግን ሐሳቡን ይለውጣል፤ ምክንያቱም የሞተሯ ጉልበት 44 ፈረስ ብቻ ነው። አያቴ «መልኳ የሙሽራ፥ አካሄዷ የባልቴት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። በደሴ ላይ ደግሞ 44 መባሉም ለክብሯ ያህል ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይመዝናል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላልና፥ ከአርባ አራቱ ፈረሶች አሥራ አንዱ ያህል ደሴ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ ማለት ነው። ይህን የነገርኋቸው የፊዚክስ መምህራችን ስቀው በሰሌዳ ላይ አሠርተውኛል።

አያቴ መኪናዪቱን የገዟት በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፥ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ከአንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ከዚያም የ400 ኪሎ ሜትሩን መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አድርገው ብቻቸውን ነድተው ደሴ አስገቧት። እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ እርሳቸው ነዷት፤ በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በግቢያችን ውስጥ ከግራሩ ሥር በሸራ ተሸፍና ተቀመጠች።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ቤታችንን ቆልፈን ከብዙ ሰው ጋራ ወጣን። መኪናዪቱ ባትሪዋ የሞተ ስለ ነበር ይዘናት ልንሄድ አልቻልንም፤ አያቴ እምዬ ብቻ ሸራውን በጠፍር አጥብቀው አሰሩላት። ከተማው ተመልሶ በታኅሣሥ ወደ ቤታችን ስንገባ ሸራው አልነበረም። ባትሪዋና ካርቡራቶሯ ተፈተው ተወስደዋል፤ ከአራቱ ጎማዎች ሁለቱ የሉም፤ አፍንጫዋም በአንድ ከባድ ነገር ተገፍቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማን እንዳደረገው አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም። በዚያ ወራት ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠይቀው ነገር ነበረው። እምዬ ግን ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ወደ እርሷ ሄደው ጣራዋን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ገዢ ከአዲስ አበባ ደውሎ አሮጌ መኪናዎች እንደሚሰበስብ ነገረን። አባቴ ለመሸጥ አሰቡ። ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ የቤታችን ቆርቆሮ መለወጥ ነበረበት፤ የእኔም የዩኒቨርሲቲ ጉዞ እየቀረበ ነበር። በተጨማሪም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ሆነ፤ ይህችን ይዘን ምን እናደርጋለን?» ይሉ ነበር። እምዬ ምንም አልመለሱም፤ ቡናቸውን ማፍላት ብቻ ቀጠሉ። እኔ አላስቻለኝምና «እኔ አስነሣታለሁ» አልሁ። አባቴ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱኝና «እስከ ፋሲካ ማግሥት በራሷ ጉልበት ኮምቦልቻ ወርዳ ከተመለሰች ትቀመጥ፤ ካልተመለሰች ትሸጣለች። ትምህርትህ አንድ ነጥብ ቢቀንስ ግን ዛሬውኑ አስጭናታለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ መካኒክነት በቃል ብቻ እንደማይሆን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸውና በኮምቦልቻ ከተማ የአያቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሥራውን የተማሩት በልጅነታቸው ከአሰብ ወደብ ጭነት በሚያመላልሱት በፊያት 682 ካሚዮኖች ላይ ነው። ያ መንገድ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት እስኪዘጋ ድረስ ከአሰብ የሚመጣው ጭነት ሁሉ በኮምቦልቻ በኩል ያልፍ ስለ ነበር፥ ጋራዥ ለከተማዋ እንደ ገበያዋ ያህል ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የተፈታውን ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ በሚኒባስ ወደ እርሳቸው እወርድ ነበር። ጋሼ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ዕቃውን ከእጄ ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉና፥ ሊድን የሚችል ሲሆን «አብሽር» ይላሉ፤ የማይድን ሲሆን ዝም ብለው ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ይወረውሩታል።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ቋንቋ ነው። በጋራዥ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ በቤታችን ከሚነገረው ይለያል። ካቻቢቴ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ፥ ኩሽኔታ፥ ኮፈን፥ ላሜራ፥ ፍሬቻ፥ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ የጣልያን ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያ ጠላት መንገዱን ሲሠራ ካሚዮኖቹንም ይዞ መጣ፤ እርሱ ተባሮ ሲሄድ ቃላቱ ቀሩ። ታዲያ እኔን የሚያስቀኝ፥ በጀርመን አገር የተሠራችው መኪናችን በጣልያንኛ ስትታከም ነው። ምናልባት መልኳን ያወጡላት የቶሪኖ ሰዎች ቢሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል።

የሞተር ዕቃ ማግኘቱ እንደ ፈራሁት አልከበደም። የተራው ቮልስዋገን ሥራ በሜክሲኮ አገር እስከ 2003 በአውሮጳ አቆጣጠር ስለ ቀጠለና በአገራችንም ብዙ ስላለ፥ አጎቴ ከአዲስ አበባ መርካቶ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካርቡራቶር፥ የነዳጅ ፓምፕ ላስቲክና የዲናሞ ቺንጋ ገዝተው ላኩልኝ። ጎማዎቹን ከደሴ አገኘን። ባትሪውን እምዬ ከዕቁባቸው ገዙ፤ ይህን አባቴ ያወቁት በዚህ ጽሑፍ ነው።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። ነገር ግን ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር፤ ካንዴላዎቹን ስፈታቸው እንደ ምጣድ ግርጌ ጠቁረዋል። ካርቡራቶሩ የተስተካከለው አየር ለሞላበት ቆላ ነው፤ በደጋ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን ያው በመሆኑ ሞተሩ እንደ ጠገበ ሰው ይተነፍሳል። ጋሼ ከአንድ አሮጌ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ትንሽ የነሐስ ጅግለር መርጠው ሰጡኝ። በላዩ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት ይናገራል፤ ከነበረው ጥቂት ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ የካንዴላው ጫፍ ቡናማ ሆነ፤ ይህም የጤና ምልክት ነው።

ሰዎች ኮፈኑን ከፍተው ራዲያተር ሲፈልጉ ማየት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከፊት የሚያገኙት ሻንጣ ማስቀመጫና የቤንዚን ጋን ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ውሃም አይጠጣም። በዲናሞው ጫፍ ያለው ማራገቢያ አየር እየነፋ ያቀዘቅዘዋል። ይህ በደሴ ዳገት ጥቅም አለው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ራዲያተራቸው የሚያፈስ ካሚዮኖች በሐረጎ ሲንፈቀፈቁ እናያለን። ነገር ግን የሳሳ አየር ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ኃይሉም ያነሰ ነው። ስለዚህ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና የላስቲክ ማኅተሞች አንዳቸውም ሊጎድሉ አይገባም፤ ከጎደሉ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ምስኪን ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ ነፋሱን ይከለክለዋል። ፋብሪካው ራሱ ይህን ችግር ያቃለለው ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ ወደ ጎን በማውጣት በ1971 ሞዴል ነው፤ የእኛዋ ግን ከዚያ በፊት ተወልዳለች። እኔ የጎደለውን ላስቲክ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጬ ሠራሁት፤ እስከ ዛሬ ይዟል።

አሁን ስለ ጥፋቴ ልናገር። ቫልቮቹ ሲዘጉ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል 0.15 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። በየካቲት ወር አንድ ዓርብ ማታ፥ ገዢው በማግሥቱ ጧት ሊመጣ መሆኑን ሰምቼ፥ ሞተሩ ድምፁ እንዲያምር ብዬ መለካት ጀመርሁ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አስነሥቼው ስለ ነበር እጄን ያቃጥለኝ ነበር፤ በጨርቅ ይዤ ጨረስሁ። በማግሥቱ ደሴ በውርጭ ነጭ ሆና አደረች። ገዢው መጣ፤ ካፖርቱን ለብሶ ቆመ፤ አባቴ ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩ ተሽከረከረ፥ ተሽከረከረ፥ ባትሪውም ደከመ። ሰውየው በትሕትና «ችግር የለም፤ እኔ የምፈልጋት ለማሳያ ነው» አለና ከቀድሞው ዝቅ ያለ ዋጋ ጠራ። አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ወረድሁ። ጋሼ ሁሉን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤

«ስትለካው እጅህን አቃጠለህ?»

«አዎ፥ ጋሼ።»

«እሱው ነው፥ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲግል ሲሊንደሩና ቴስታታው ስለሚለጠጡ ያ ትንሽ ክፍተት ይሰፋል። በሙቀት ጊዜ የለካሁት 0.15፥ ሌሊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጠብቦ ጠፋ፤ ቫልቮቹም ተዘግተው መክደን አቃታቸው። እመቃ የሌለው ሞተር ደግሞ አይነሣም። እሑድ ጧት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፥ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ፥ አንድ በአንድ እንደ ገና ለካሁ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ግን ገዢው ሄዷል፤ አላየም።

ስለ አፍንጫዋ ብዙ አልናገርም፤ ገና አላለቀምና። የተራው ቮልስዋገን ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር ስለ ሆነ ተፈቶ ይለወጣል፤ የካርማን ጊያ ግን ሙሉ አካሏ በብየዳ አንድ የሆነ ነው፤ የሚለወጥ የለም፤ በመርካቶም ላሜራዋ አይገኝም። የላሜራ ሠራተኛው ማግኔት ይዞ በአፍንጫዋ ላይ ሲያዞር በአንዳንድ ቦታ ማግኔቱ አልያዘም። ሲፍቀው የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ተገኘ። አያቴም በዘመናቸው አንድ ጊዜ ገጭተዋታል ማለት ነው! እምዬን ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው «ያኔ ላይነገር ተማምለናል» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አባቴ መሪውን ያዙ፤ እምዬ ከፊት፥ እኔ ሕፃን እንኳ በማይበቃው የኋላ ወንበር ታጥፌ ገባሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። አባቴ ግን መኪናዪቱ በማማሯ ደስ ብሏቸው ሳይሆን አይቀርም፥ በሦስተኛ ማርሽ ፍሬን እየነኩ ይወርዱ ነበር። ሐረጎን አጋምሰን አንድ ኩርባ ስንደርስ የአባቴ እግር ወደ ታች ሲሰምጥ አየሁ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነ። አባቴ ምንም ሳይናገሩ ወደ ሁለተኛ ቀየሩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ፥ ቀስ እያሉ ሳቡት። በስተቀኝ ገደሉ ይታየኛል። ሃምሳ ሜትር ያህል ሄደን፥ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመች። የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

እምዬ «ደረስን እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ወርጄ ከጎማው ኋላ ትልቅ ድንጋይ አደረግሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፍሬን ዘይት በዓመታት ብዛት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት በቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። የእጅ ፍሬኑ ያዳነን በሽቦ ስለሚሠራ ነው። እኔ ሞተሩን ስድስት ጊዜ ፈትቼ ስገጥም፥ የፍሬኑን ዘይት ግን በማጠራቀሚያው ሙሉ ሆኖ ስላየሁት ብቻ ትቼው ነበር። ቀለሙን እንኳ አላየሁም።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ። በሁለተኛ ማርሽ፥ ባጃጅ እያለፈን፥ ኮምቦልቻ ደረስን። ጋሼ ዘይቱን በጠርሙስ ቀድተው ለብርሃን አነሡት፤ የጀበና አተላ ይመስላል። ያን ቀን «አብሽር» አላሉኝም። «ሞተር ባይነሣ ቤትህ ትቀራለህ፤ ፍሬን ባይዝ የት ነው የምትቀረው?» አሉና፥ ከመሪው በጣም ከራቀው ጎማ ጀምረን አራቱንም በአዲስ ዘይት አጥበን አየሩን አስወጣን። እኔ ፔዳል እረግጣለሁ፤ እርሳቸው «ያዝ፥ ልቀቅ» ይላሉ። እስከ አሥር ሰዓት ቆየን፤ እምዬም በዚያ ጊዜ እኅታቸውን ጠይቀው ተመለሱ።

ወደ ላይ ስንመለስ በሁለተኛ ማርሽ፥ በሙሉ ጋዝ፥ ከካሚዮኖች ኋላ ወጣን። አንድ ካሚዮን በመንገዱ ዳር እንፋሎቱን እየለቀቀ ቆሞ፥ ረዳቱ ጀሪካን እያወዛወዘ ውሃ ለመነን። እምዬ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «የኛዋ ውሃ አትጠጣም፥ ልጄ» ሲሉት ልጁ የተሳለቁበት መሰለው። ደሴ ስንገባ መብራት በርቶ ነበር።

አባቴ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው አያቴ የመኪናዪቱን ነገር ይጽፉበት የነበረውን ሰማያዊ ደብተር አመጡ። እኔ ስለ ሞተሩ የተጻፈውን ገጽ ሁሉ አንብቤ ነበር። አባቴ ወደ መጨረሻው ገልጠው በጣታቸው አሳዩኝ፤ በአያቴ የእጅ ጽሕፈት «የፍሬን ዘይት ተለወጠ፤ ሰኔ 2006። በየሁለት ዓመቱ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው። እስክሪብቶውን ሰጡኝና «ጻፍ» አሉኝ። የቀኑን ቁጥር ጻፍሁ፤ እጄ በዘይት ስለ ነበር ገጹ ላይ የአውራ ጣቴ ምልክት ቀረ።

ስለ ሽያጩ አባቴ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩም። ገዢው አልፎ አልፎ ይደውላል። አፍንጫዋ ገና ግራጫ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀለም በምን እንደምንመስለው ከላሜራ ሠራተኛው ጋራ እየተከራከርን ነው።